ባለወፍጮው ጠላ ሲጠምቅ

ሙሉሃብት በዕድሜው ሁለት ነገር አልለመደም፤ ቀስ ብሎ መናገርና ሰው መለመን። የመጀመሪያውን ያበላሸበት ወፍጮው ነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚመጣው መንገድ ዳር፣ ከተማው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ባለችው ወፍጮ ቤቱ ስንት ዓመት ሙሉ ከሞተር ጋር ሲጯጯህ ኖሯል። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ "አቤቱ ማረን" ሲል እንኳ ፊት ያሉት ሰዎች ዞር ብለው ያዩታል። ሁለተኛውን ግን ማንም አላበላሸበትም፤ ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣ ነው። ጨው ቢያልቅበት ወጡን እንዲሁ ይበላል እንጂ ጎረቤት ደጅ አይቆምም።

ይህ ሰው እንግዲህ ማኅበር ሊደግስ ተነሣ።

ማኅበሩ የሚካኤል ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት የመንደሩ ሰው ከአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባል። ቄስ ይባርካሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ የተሞላው ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ በእልልታ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። አባሏ የሙሉሃብት ሚስት ኪዳን ነበረች። ኪዳን ባለፈው ዓመት በጥምቀት ማግስት ታማ፣ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። በማኅበሩ ደንብ ደግሞ የሟች ቦታ ባዶ አይቀመጥም፤ ባል ወይም ልጅ ይተካል። ልጅ ስላልነበራቸው ሙሉሃብት ተተካ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በር አጠገብ ተቀምጦ፣ ጽዋውን ተቀብሎ፣ ዳቦው ጉሮሮው ሳይደርስ ውልቅ ይላል። የኪዳንን ጓደኞች ባየ ቁጥር ከመካከላቸው የጎደለችውን ያያልና መቀመጡን አይችለውም ነበር።

የአምናው ተራዋ በኀዘኑ ምክንያት ለሌላ አባል ተላልፎ ነበር፤ አሁን ግን የኪዳን ተራ ደረሰ፤ የግንቦት ሚካኤል። የኪዳን ድግስ በአካባቢው ስም ያለው ነበር። ጠላዋን የቀመሰ ሰው እስከሚቀጥለው ዓመት ያወራዋል። ሙሉሃብት በድግሱ ሰሞን ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲመለስ ጋኑ ተሞልቶ፣ ቤቱ ተለቅልቆ፣ ዳቦው ተደርድሮ ያገኘው ነበር። "ይህን ሁሉ ብቻሽን?" ሲላት ኪዳን ትስቃለች። እሱ ደግሞ ሳቋን "አዎ" ብሎ ተረጎመው፤ ወንድ ልጅ ሲተረጉም እንዲህ ነው።

ስለዚህ በልቡ ቆረጠ። ድግሱን ልክ እንደ እሷ ብቻውን ይደግሳል፤ ከማንም አንዲት ቁና አይበደርም፤ "ኪዳን ስትሞት ቤቷም ሞተ" የሚል አንድ አፍ አይኖርም። ከዚያም ጽዋውን ለተረኛ አስረክቦ፣ ሙሴ ለሚባሉት ለማኅበሩ መሪ ለአያ ደባሱ "በቃኝ፣ ከማኅበሩ አውጡኝ" ይላል። አንድ ጊዜ ስሟን አክብሮ መውጣት፣ ከዚያ በኋላ ከወፍጮው ጋር መቅረት። ለአያ ደባሱም አስቀድሞ፣ "ከድግሱ በኋላ አንድ የምነግርዎት ነገር አለ" ብሏቸዋል።

ጠላ ግን እንደ ወፍጮ ቁልፍ አይዞርም። መጀመሪያ የኪዳንን ጋን ቤቱን አገላብጦ ቢፈልገው አጣው። በለቅሶው ግርግር ተሰብሮ ይሆናል ብሎ ከገበያ አዲስ ጋን ገዝቶ መጣ። አጠበው፤ በወይራ አጠነው፤ ሲያጥን እሱም አብሮ ታጥኖ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። ዱቄቱን ራሱ ፈጨ፣ ይህንስ ማን ያህለዋል። ጓዳው ግድግዳ ላይ ጠርዟ በቀይ ክር የተጠለፈ ወንፊት ተሰቅላ ነበር። ኪዳን ስትነፋባት ያያት ወንፊት ናት። አውርዶ ሲነፋ እጁ ቆመ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ትንሽ አለቀሰና መንፋቱን ቀጠለ።

እትየ ጥሩነሽ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። እትየ ጥሩነሽ ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰኑት ጎረቤት ናቸው፤ ምርኩዝ ይዘው የሚሄዱ፣ ምላሳቸው ግን ምርኩዝ የማያሻው ሴት። በሩን በምርኩዛቸው ኳ ኳ አደረጉ።

"ሙሉሃብቴ፣ ጌሾውን መች ነው የምንወቅጠው?"

"ተሟልቷል፣ እትየ፤ አንቱ አይድከሙ" አለ ከውስጥ፣ በሩን ሳይከፍት። ድምፁ እንደ ልማዱ መንደሩን አዳረሰው።

ሌላ ቀን መጡና፣ "ብቅሉስ?" አሉት። "ተሟልቷል" አላቸው። ደግሞ ሌላ ቀን መጡ። ያን ጊዜ ምንም አላሉም፤ በሩ ላይ ትንሽ ቆመው ምርኩዛቸው እየተኳኳ ሲመለሱ ሰማቸው። ሙሉሃብትም፣ "እሰይ፣ ትልቅ ሰው አላስቸገርሁም" ብሎ ደስ አለው። ሰው አንዳንዴ በጥፋቱ እንዲህ ደረቱን ይነፋል።

ጌሾው ላይ ሲደርስ የሚጨምረውን መጠን አያውቅም። ኪዳን አንድ ጊዜ፣ "ጌሾ ካነሰው ጠላ ይሞታል" ስትል መስማቱ ትዝ አለው። እንዳይሞት ብሎ ቤት ያለውን በሙሉ በድንጋይ ወቅጦ ጨመረው። ጠላውም በእርግጥ አልሞተም፤ ተቆጣ እንጂ። በሦስተኛው ቀን የጋኑን አፍ ሲከፍተው አፍንጫው ላይ መጣበት። ሲበስል ይለሰልሳል ብሎ ከደነው።

የሚካኤል ዕለት ረፋዱ ላይ ሸዕባን የሚባለው የባጃጅ ሹፌር ከከተማው ዳቦ ቤት የታዘዘውን ዳቦ ጭኖ መጣ። ዳቦውን ወደ ጓዳ ሲያስገባ ጋኑ አጠገብ ቆመና ፊቱን አጨማደደ።

"ጋሽ ሙሉሃብት፣ እኔስ እስላም ነኝ፣ ጠላ አልጠጣም" አለ በትሕትና። "ግን እናንተስ ይህን ትጠጡታላችሁ?"

ሙሉሃብት ሲሄድለት ጠብቆ በጣሳ ቀዳና ቀመሰ። ምላሱ ተሸበሸበ፤ ጆሮው ሥር ድረስ ዘለቀው። ስኳር ቢጨምርበት ይሻላል ብሎ ጨመረ። አሁን ምሬቱም አለ፣ ጣፋጩም አለ፤ ሁለቱ በአንድ ጣሳ ተጣሉ። ከግድግዳው ወዲያ እትየ ጥሩነሽ ሲያስሉ ይሰማዋል። "እትየ፣ ጉድ ሆንሁ" ብሎ አንድ ቃል ቢወረውር ይሰሙታል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ እሱ ግን ደጃዝማችነቱ ይቅርብኝ የሚል ሰው ነው። ጣሳውን አጥቦ አስቀመጠና ነጠላውን አጣፍቶ እንግዶቹን ለመቀበል በር ላይ ቆመ።

መጡ። በከተማ የተከራየውን የፕላስቲክ ወንበር በረድፍ አስቀምጦ ነበርና አስቀመጣቸው። ሴቶቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለው ተቀመጡ። አንዷ ወደ ጓዳ ልትገባ ብድግ ስትል ሙሉሃብት፣ "ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፣ ሁሉም ተሟልቷል" ብሎ መለሳት። እትየ ጥሩነሽም ገብተው ጥግ ያዙ። ሰላምታ ሰጡት፤ እንደ ወትሮው "ሙሉሃብቴ" ግን አላሉትም።

ቄስ ኢያቄም ጸለዩ። ዳቦው በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ መካከል ላይ ተቀመጠ፤ ጽዋውም አጠገቡ። ይታገሱ የሚባለው ጎልማሳ አናጢ ከትናንት ጀምሮ ሆዱን ለዚህ ዳቦ ያዘጋጀ ነውና ዓይኑን ከጨርቁ ላይ አላነሣም። ከዚያ እንደ ደንቡ አያ ደባሱ ተነሡ። ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ሙሴው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ቂም የያዘ ሰው ጽዋውን አይነካምና የተጣላ ካለ እዚያው ይታረቃል። ብዙ ጊዜ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው።

"ከመካከላችን የተቀያየመ አለ?" አሉ አያ ደባሱ። ቄስ ኢያቄም መስቀላቸውን አነሡ።

"እኔ አለሁ" አሉ እትየ ጥሩነሽ።

መስቀሉ ባለበት ቆመ። ይታገሱ ዳቦውን በዓይኑ ተሰናበተው።

"ከማን ጋር ነሽ፣ ጥሩነሽ?"

"ከባለቤቱ ጋር።"

ሙሉሃብት ብድግ አለ። የኪዳን ቤት፣ የኪዳን ቀን፣ ጽዋው ሳይነሣ ሊቀር። ይህን ለመከላከል ነበር ያን ሁሉ የለፋው። "አንቱ እትየ፣ ምን በደልሁዎት?" አለ።

"ምንም አልበደልኸኝም። ምንም አላልኸኝም። በደሉ ይኸው ነው" አሉ። "ኪዳን ከሞተች ወዲህ በርህን ሳንኳኳ አንድ ቀን ከፍተህልኝ ታውቃለህ? 'ተሟልቷል' ትለኛለህ። ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ሆኜ ሌሊት ስታስል እሰማለሁ። ጠዋት እመጣለሁ፤ 'ደህና ነኝ' ትላለህ፣ በሩን ዘግተህ። ሚስትህን እኮ እኔም ነኝ ያጣኋት። አንተ ኀዘኑን ለብቻህ በላኸው፤ ለኔ አንዲት ጉርሻ ነፈግኸኝ።"

"እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው" አለ ሙሉሃብት። "ኪዳንም ማንንም አታስቸግርም ነበር። ይህን ድግስ ብቻዋን ነበር የምትደግሰው። እኔም እንደሷ ልሁን ብዬ ነው።"

ከዚያ አንዷ ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አጠገቧ ያለችውም ተከተለች። ይታገሱ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ሳቁ ወንበር ለወንበር እየዘለለ ቄስ ኢያቄም ዘንድ ሲደርስ እሳቸውም መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንደ መሳለም አስመሰሉት። በመጨረሻ ኮስተር ብለው የነበሩት እትየ ጥሩነሽ ራሳቸው መቻል አቃታቸው።

"ኪዳን? ብቻዋን?" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "አንተ ሰው፣ ኪዳን ጠላ መጥመቅ መች ትችል ነበር? ጋን እንኳ አልነበራት። ጋኑ የአያ ደባሱ ቤት ነው፤ ሂድና እየው። ጌሾ የምወቅጥ እኔ። ድፍድፉን የምታየው የይታገሱ ሚስት። ቤቱን የሚለቀልቁ እነዚህ ናቸው፣ ዛሬ እንደ እንግዳ የደረደርሃቸው። ብቅሉን ደግሞ አንተው ነህ የፈጨኸው። እኔ ተሸክሜ ወፍጮህ ስመጣ፣ የማን ብቅል ነው ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?"

ሙሉሃብት አሰበ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን እትየ ጥሩነሽ ብቅል ይዘው ይመጡ ነበር፤ ፈጭቶ፣ አቧራውን ከቅንድቡ አራግፎ፣ "ደህና ይዋሉ" ብሎ ይሸኛቸዋል። በሞተሩ ጩኸት መካከል አንድ ነገር ሲሉትና ሲስቁ ያያል፤ ግን አይሰማም። ለካ የራሱን ቤት ድግስ ሲፈጭ ኖሯል።

"ታዲያ እሷ ምን ታደርግ ነበር?" አለ።

"ትጠይቃለቻ" አሉ እትየ ጥሩነሽ። ድምፃቸው ለሰለሰ። "ደጄ ላይ ቆማ፣ 'እትየ፣ ያለ አንቱ አይሆንልኝም' ትለኛለች። እንደዚያ የተባለ ሰው አርፎ ይተኛል? ቤቷን የምትወደውማ ሰው ስለሚሞላበት ነው። በድግሱ ሰሞን የምንስቀው ሳቅ ከጠላው ይበልጥ ነበር።"

ቄስ ኢያቄም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቃና ዘገሊላ ሰርግ ቤት ወይን ጠጁ ሲያልቅ እመቤታችን ያለችው አንድ ቃል ነው" አሉ። "'የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም' አለች። ያች ቃል ባትነገር፣ ጌታ ከመካከላቸው ተቀምጦ ሳለ ሰርገኛው በጥሙ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር። እንግዲህ አያ ደባሱ፣ ዳኝነቱ የአንቱ ነው።"

አያ ደባሱ ጢማቸውን አሻሹ። በዕርቅ ካሳ ልማድ ነውና ሁሉም ጠበቀ። "ሙሉሃብት ይክሳል" አሉ። "ካሳውም ይህ ነው፤ አሁን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ጥሩነሽን የጎደለውን ይለምናታል። ሳይለምን ጽዋው አይነሣም።"

"ምን ጎደለህ?" አሉ እትየ ጥሩነሽ፣ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው።

ሙሉሃብት "ምንም" ሊል አፉን ከፈተ፤ ልማድ ነዋ። ከዚያ ወደ ጓዳው አየ። "ጠላ" አለ፣ በዚያው በወፍጮ ቤት ድምፁ። "ጠላዬ አይጠጣም።"

"እሱንማ ከበሩ ስንገባ ከሽታው አውቀናል" አለ ይታገሱ።

ሰዉ ሳቀ፤ ሙሉሃብት ግን አልሳቀም። ገና አልጨረሰም ነበር። የነጠላውን ጫፍ በእጁ ጨበጠው።

"ኪዳን ጎደለችኝ" አለ። "ቤቱ ከበደኝ፣ እትየ። ያለ አንቱ አይሆንልኝም።"

ይህን ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ከጥግ የተቀመጡት አንገታቸውን አስግገው ነው የሰሙት። ሙሉሃብት ቀስ ብሎ ሲናገር የሰማ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

እትየ ጥሩነሽ ተነሡ። ራሱን ዝቅ አድርገው ግንባሩን ሳሙትና፣ "ሙሉሃብቴ" አሉት። "ና እንግዲህ ተሸከም፤ ጠላው ከደረሰ ሦስት ቀኑ ነው።"

"የምን ጠላ?"

"የሚካኤል ጠላ ነዋ። አንተ ጌሾውን በሙሉ ወቅጠህ ስትጨምር ሽታው በግድግዳው መጣብኝ። ያን ዕለት ሄጄ ከአያ ደባሱ ቤት ጋኑን አመጣሁ። እናንተ ወንዶች፣ ምን ቆማችኋል?"

ሙሉሃብትና ይታገሱ ጋኑን በሁለት በኩል ይዘው በጠራራ ፀሐይ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ተሻገሩ። ሴቶቹ ከኋላቸው እልል አሉ። በመንገዱ የሚያልፈው ሸዕባን ባጃጁን አቁሞ አየና፣ ጋኑ ሌላ መሆኑን ሲያውቅ በእፎይታ ጥሩንባውን ነፋላቸው። ሲመለሱ ሴቶቹ ከፕላስቲክ ወንበሩ ተነሥተው ጓዳ ገብተዋል። አንዷ ዳቦ ስትቆርስ፣ ሌላዋ ጣሳ ስታጥብ፣ ሌላዋ የሙሉሃብትን ጠላ ቀምሳ ሌሎቹን "ኑ፣ ኑ፣ ይህን ሳትቀምሱ እንዳትሞቱ" ስትል ቤቱ በጫጫታ ተሞላ። ሙሉሃብት ጓዳው በር ላይ ቆሞ አዳመጠ። ኪዳን ትስቅ የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው፤ ደስ አለው፣ አንጀቱንም በላው።

ጽዋው ተነሣ። ቄስ ኢያቄም ባረኩ። እትየ ጥሩነሽ ተቀብለው ለሙሉሃብት አቀበሉት፤ ሙሉሃብት ጠጣና ለጎረቤቱ አሻገረ። በር አጠገብ የነበረው ቦታው በሌላ ሰው ስለተያዘ መካከል ላይ ነበር የተቀመጠው። ይታገሱም በዳቦው የደረሰበትን መንገላታት ሁሉ ተበቀለ።

ሰዉ ሲነሣ አያ ደባሱ ሙሉሃብትን ጠጋ አሉት። "ከድግሱ በኋላ የምነግርዎት ነገር አለ ብለኸኝ አልነበር?"

"ነበር" አለ ሙሉሃብት። "ረሳሁት።"

አያ ደባሱ አየት አደረጉትና ሌላ ሳይጠይቁ ወጡ።

የሚቀጥለው ወር ተረኛ እትየ ጥሩነሽ ነበሩ። ጽዋው እስኪሸፈንላቸው ጓዳውን ሲቃኙ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ወንፊት አዩ። በጣታቸው ቀዩን ክር ነካ ነካ አደረጉት።

"ይችም የኔ ናት" አሉ። "ኪዳን ሳትታመም በፊት ተውሳኝ ነበር።"

ሙሉሃብት ደነገጠ። "ዓመት ሙሉ እዚህ ተሰቅላ? ታዲያ ለምን አልወሰዷትም?"

"ብወስዳትማ ምን ብዬ አንኳኳለሁ?" አሉ። "ከፍተህ ምን ፈለጉ ብትለኝ፣ ወንፊቴን ልል ነበር። አልከፈትህም እንጂ።"

ሙሉሃብት ጽዋውን በሁለት እጁ አንሥቶ ሰጣቸው፤ በእልልታ እስከ በራቸው ሸኛቸው።

በማግስቱ ወፍጮውን ከመክፈቱ በፊት ወንፊቷን አወረደ። አራገፋት፣ በጨርቅ ጠረጋት፣ ይዟት ወጣ። የሰው በር ሲያንኳኳ ከስንት ዘመኑ እንደሆነ አያስታውስም፤ እጁ እንደ ሌላ ሰው እጅ ሆነበት። እትየ ጥሩነሽ ከፈቱ። ወንፊቷን ሰጣቸው፤ ተቀበሉት፤ "እግዜር ይስጥልኝ" ተባባሉ። ጉዳዩ አለቀ። ሙሉሃብት ጥቂት ተራመደና ቆመ። ራሱን አከከ። ተመለሰ።

"እትየ፣ ሙቀጫ ይኖርዎታል?"

"አለኝ። ምን ልትወቅጥ ነው?"

ሙሉሃብት ቤቱ ውስጥ የሚወቀጥ ነገር አንዳችም የለውም። ጌሾውን ሁሉ ጨርሶታል። "እንጃ" አለ።

እትየ ጥሩነሽ ገብተው ሙቀጫውን ከነዘነዘናው እየገፉ ወደ በሩ አመጡለት። አሮጌ የወይራ ሙቀጫ ነው፣ ለብቻ የሚከብድ። ታቅፎ አነሣው።

"መች ትመልሰዋለህ?" አሉት።

"አንቱ መጥተው ይውሰዱት" አላቸው ሙሉሃብት፤ ሙቀጫውን ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ በሩንም ክፍት ተወው።